ከ«በጋ» የሚጠበቅ ዝናብ፦ ድርቅ በምን ይታወቃል፣ መቼስ አበቃ ይባላል?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት የመጪውን ወቅት ትንበያ ይፋ ያደርጋል። ትንበያው ሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያጥራል፦ «በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የአገሪቱ አካባቢዎች ከመደበኛ በታች ዝናብ የማግኘት ዕድል ሰፊ ነው።» ቁጥር ሲጨመርበት፣ ለምሳሌ 45 በመቶ ሲባል፣ ግራ መጋባቱ ይብሳል። አንዱ «ዝናቡ በ45 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው «እንግዲያው 55 በመቶው ደህና ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ሞልቶ መንደር ሲያጥለቀልቅ በቴሌቪዥን ይታይና «ድርቅ ነው አላላችሁም ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሰማይን ብቻ በማየት አይገኝም። ዝናቡ፣ ሣሩ፣ የጉድጓዱ ውኃ፣ የገበያው ዋጋና የሕፃኑ ክንድ አብረው አይጎዱም፣ አብረውም አያገግሙም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጋው ለማን በጋ ነው?

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። አማርኛ የወቅት ስሞቹን ያገኘው ከደጋው ነው። በጋ ሲባል ዓይን ላይ የሚመጣው አውድማ፣ ገለባና የጥምቀት ሰሞን አቧራ ነው። በዚያን ጊዜ ዝናብ ቢጥል «ያለ ወቅቱ» ይባላል፤ የታጨደ እህል ስለሚያበላሽም አይወደድም። ለቦረና፣ ለባሌ ቆላና ለአብዛኛው የሶማሌ ክልል ግን ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። ቦረናዎች ሀገያ፣ ሶማሌዎች ደይር ይሉታል። ዋናው ዝናባቸው ደጋው በልግ በሚለው ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ይጥላል፤ ቦረና ጋና፣ ሶማሌ ጉ ይለዋል። አዲስ አበባ ከጃንጥላ የማትለይባቸው ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ናቸው።

ስለዚህ «የበጋው ዝናብ ቀረ» የሚለው ወሬ ለደጋ ጆሮ ዜና አይመስልም። በበጋ ዝናብ መቅረቱ ምን ይገርማል? ለያቤሎ አርብቶ አደር ግን በዓመት ካሉት ሁለት ዕድሎች አንዱ አመለጠ ማለት ነው። በ2020 መገባደጃ የጀመረው የደቡቡ ድርቅ ወደ አደባባይ ወሬ ለመግባት የዘገየበት ዋነኛ ምክንያት በሰሜን የነበረው ጦርነት መሆኑ አያጠያይቅም። የቃሉም አስተዋጽኦ ግን ትንሽ አይመስለኝም።

45 በመቶው ምን ይላል?

የወቅት ትንበያ የሚሠራው በሦስት መደብ ነው። ለአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ይወሰድና (አሁን መነሻ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው) ወቅቶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራሉ። ዝቅተኞቹ አሥር «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ አሥር «መደበኛ»፣ ከፍተኞቹ አሥር «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ምንም ፍንጭ የሌለው ሰው ለሦስቱም እኩል 33 በመቶ ይሰጣል። የባሕሩን ሙቀትና የኮምፒውተር ስሌቱን ያየ ባለሙያ ደግሞ፣ ለምሳሌ፣ 45፣ 35 እና 20 ብሎ ያከፋፍላል። ሚዛኑ ወደ ደረቁ ወገን አጋደለ ማለቱ ነው እንጂ ዝናቡ በስንት እንደሚቀንስ አልተናገረም። በዚሁ ትንበያ መሠረት ከአምስት አንድ ጊዜ ወቅቱ ከመደበኛ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ወቅት ብቻ አይቶ «ትንበያው ዋሸ» ማለትም ሆነ «ተሳካ» ብሎ ማጨብጨብ አያስኬድም፤ የትንበያ ታማኝነት የሚታወቀው በብዙ ወቅቶች ድምር ነው።

ሌላው ከዜናው የሚቀረው ነገር ስርጭት ነው። ትንበያው የሚናገረው ስለ ወቅቱ ድምር ነው። በአንድ ሌሊት 60 ሚሊ ሜትር የጣለበትና በየሳምንቱ 10 ሚሊ ሜትር እየጣለ ስድስት ሳምንት የቆየበት ቦታ በመዝገብ ላይ እኩል ናቸው። በመጀመሪያው ቦታ ውኃው የደረቀውን መሬት ጠርጎ ወንዝ ገብቶ አልቋል። በሁለተኛው ግን ሣር በቅሏል፤ በቆሎም ከፍ ብሏል። ለገበሬ ከድምሩ ይልቅ የሚበልጡበት ጥያቄዎች ሌላ ናቸው፦ ዝናቡ መቼ ይገባል? ከገባስ በኋላ ቡቃያው ሳይጠነክር ቀጥ ይላል? ዘግይቶ የገባና ቀድሞ የወጣ ዝናብ ድምሩ «መደበኛ» ሆኖ ሳለ ጎተራውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

አንድ ኤልኒኞ፣ ሁለት ኢትዮጵያ

ኤልኒኞ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ላኒና ተቃራኒው ነው፤ ያው ውኃ ሲቀዘቅዝ። ውኃው ከእኛ እጅግ የራቀ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ሲዛወር አየር የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታ አብሮ ይዛወራል፤ አየር የሚወርድበት ሰማይ ደግሞ ደመና አያበቅልም።

ለኢትዮጵያ ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ክስተት በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ፊት ማሳየቱ ነው። ኤልኒኞ ብዙውን ጊዜ የሰሜኑን፣ የመካከለኛውንና የሰሜን ምሥራቁን የክረምት ዝናብ ያዳክማል፤ የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን የመኸር ወራት ዝናብ (ሀገያውን፣ ደይሩን) ግን ያበረታል። ላኒና ሲሆን ደጋው ጥሩ ክረምት ያገኛል፣ ደቡቡ ይጠማል። በ2015 ኤልኒኞ ክረምቱን ሲያመክን የተጎዱት አፋር፣ ምሥራቃዊው አማራና ትግራይ፣ ሐረርጌና የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ ሲቲ ነበሩ፤ ለ2016 የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ከ2020 እስከ 2023 ግን ላኒና ሦስት ዓመት በተከታታይ ተመላለሰ። በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር።

ከሰላማዊው ውቅያኖስ ይልቅ ቅርባችን ያለው የህንድ ውቅያኖስም የራሱ ሚዛን አለው። ባለሙያዎች ዳይፖል ይሉታል፤ ባለ ሁለት ጫፍ እንደማለት ነው። የአፍሪካ ወገኑ ሲሞቅና የኢንዶኔዥያ ወገኑ ሲቀዘቅዝ «አዎንታዊ» ይባላል፣ ምሥራቅ አፍሪካም ይርሳል። ሲገለበጥ «አሉታዊ» ነው፣ ደመናው ወደዚያ ማዶ ይሄዳል። በ2019 አዎንታዊው እጅግ በርትቶ ጎርፍ አመጣ፤ የረጠበው በረሃ ለአንበጣ መንጋም ተመቸ። በ2022 አሉታዊው ከላኒና ጋር ተደርቦ ድርቁን አከፋው።

ከዚያ የ2023 መጨረሻ መጣ። ኤልኒኞና አዎንታዊ ዳይፖል ገጠሙ። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ሞልተው የሶማሌ ክልልን ሲያጥለቀልቁ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ዝናብ የራቃቸው ዋግ ኽምራ፣ ሰሜን ጎንደርና ትግራይ ድርቅ ላይ ነበሩ። በቴሌቪዥን ጎርፍና ድርቅ በአንድ ምሽት መታየታቸው የባለሙያ መሳሳት አልነበረም፤ ሁለቱም የአንድ ምክንያት ውጤቶች ነበሩ። ስለዚህ «ኤልኒኞ መጣ» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ «ለየትኛው ወቅት፣ ለየትኛው አካባቢ?» መሆን አለበት።

ሁሉም ወቅት ደግሞ እኩል አይተነበይም። የመኸር ወራቱ ዝናብ ከውቅያኖሶቹ ጋር የጠበቀ ትስስር ስላለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክና የየአገሩ ተቋማት ከወራት በፊት በጎ ግምት መስጠት ይችላሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው የቆላ ዝናብ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከኤልኒኞም ከላኒናም ጋር ያለው ክር ቀጭን ነው። አርብቶ አደሩ በጣም የሚፈልገው ትንበያ ለሳይንሱ በጣም የሚከብደው መሆኑ አጋጣሚው አሳዛኝ ነው።

ሳተላይቱ ያየው፣ ጉድጓዱ የሚያውቀው

በቆላው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ መንደር ይውጣል። ክፍተቱን የሚሞላው ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ዝናቡን ራሱን አያይም። የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ይለካና «እንዲህ የቀዘቀዘ ደመና ይህን ያህል ያዘንባል» ብሎ ይገምታል፤ ከዚያ ባሉት ጣቢያዎች መረጃ ይታረማል። በሰፊው የሚሠራበት ቺርፕስ የተባለው መዝገብ ከ1981 ጀምሮ እንዲህ የተጠናቀረ ነው።

ሁለተኛው የሳተላይት መለኪያ የዕፅዋት አረንጓዴነት ጠቋሚ ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይመልሳል፤ ከሁለቱ ልዩነት የልምላሜው መጠን ይሰላል። በቦረና ከ2012 ጀምሮ የተሞከረው የእንስሳት መድን የሚከፍለው በዚህ ስሌት ነው፦ ልምላሜው ከተወሰነ መጠን ሲወርድ፣ የሞተ ከብት ሳይቆጠር፣ ካሳው ይለቀቃል። መኖ የሚገዛው ከብቱ በእግሩ ቆሞ ሳለ ስለሆነ ሐሳቡ ብልህ ነው። ችግሩ ሳተላይቱ ሣርንና ቁጥቋጦን በደንብ አለመለየቱ ነው። በቦረና ግጦሹን የወረረው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሣሩ ከሞተም በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከላይ ሲታይ ለምለም ነው፤ ላሟ ግን አትበላውም።

ወደ መሬት ሲወረድ ምልክቶቹ ይበዛሉ። ከቦረና ጥንታዊ ቱላ ጉድጓዶች ውኃ የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው፤ ወጣቶች ከሥር እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ይቀባበላሉ። የውኃ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ በደረቁ ወራት ከብት በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። ውኃው ሲርቅ ሰንሰለቱ ሰው ይጨምራል፣ ተራው ይረዝማል። ይህን የትኛውም ሳተላይት አይመዘግበውም። በአካባቢው የከብት አንጀት አንብበው መጪውን የሚናገሩ ሽማግሌዎችም አሉ። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ንባባቸውን ላይቀበል ይችላል፤ ሰው የሚወስነው ግን ባመነው ቃል ነው፤ የትንበያ ሰዎችም ይህን እያወቁት መጥተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ምልክት ግን ሰማይ ላይም መሬት ላይም አይደለም፤ ገበያ ላይ ነው። አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ድርቅ ሲጠና ሁሉም ሰው የከሳ እንስሳውን በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ያወጣል፤ የእንስሳው ዋጋ ይወድቃል። የእህሉ ዋጋ በአንጻሩ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች ሲራራቁ፣ የዝናቡ ቁጥር ምንም ቢል፣ ቤተሰቡ ምግቡን እየቀነሰ ነው። መጨረሻ የሚመጣው ምልክት በጤና ኬላ የሚገኝ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቢጫው፣ ከ11.5 ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፋል። ቀዩ ጋ ሲደረስ ክትትሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቷል።

ሰማዩ፣ ሙቀቱ ወይስ መሬቱ?

ስለ ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ንግግር ይሰማል። የመጀመሪያው «ድርቅ ድሮም ነበረ፣ ላኒና ነው፣ ያልፋል» የሚል ነው። ሁለተኛው ሁሉን በአየር ንብረት ለውጥ ያሳብባል። ሦስተኛው ጥፋቱን ከመሬት አያያዝ ያገኛል።

በ2023 ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን የ2020–2022ቱን ድርቅ መርምሮ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቀ። በዜና ብዙም ያልተነገረው ዋናው መንገድ ግን ትነት ነው። ያው ጥቂት ዝናብ ቢጥል እንኳ የሞቀው አየር ከአፈርና ከቅጠል የሚመጠው እርጥበት ጨምሯል። ድርቅን በሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያገኘውም።

በዝናቡ በኩል ያለው ሥዕል ይህን ያህል ጥርት ያለ አይደለም። የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ለወደፊቱ የሚያሳዩት ጭማሪ ነው። ሳይንቲስቶች ራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ብለውታል። በመካከሉ እንደ 2018 እና 2024 ያሉ እጅግ የረጠቡ ወቅቶች መጥተዋል። «ዝናቡ ለዘለዓለም ሄደ» የሚል ሰው ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ ከሰማዩ ጋር የሚፎካከር ሳይሆን የሚደመር ነው። በቦረና በ1970ዎቹ ሣር ማቃጠል መከልከሉ ለቁጥቋጦው መስፋፋት በር እንደከፈተ ብዙ ጥናት ያስረዳል። ለጥጃ የሚታጠረው የግጦሽ ቦታ፣ ካሎ፣ እየሰፋ፣ እርጥቡ ሸለቆ እየታረሰ፣ ወሰንና ግጭት መተላለፊያውን እየዘጋ ሄዷል። የአርብቶ አደር ዋናው የድርቅ መከላከያ መንቀሳቀስ ነው፤ ዝናብ የጣለበትን ተከትሎ መሄድ። ሙቀቱ ድርቁን አጠነከረው፤ የመንገዱ መዘጋት ደግሞ ከብቱን ድርቁ ውስጥ አሰረው። በኢትዮጵያ በዚያ ድርቅ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ያለቁት በሁለቱ መካከል ነው።

ድርቅ ይታወቃል፣ ረሃብ ግን ይታወጃል

ድርቅ የተፈጥሮ ሁኔታ ነው፤ ረሃብ የሰው ነው። በመካከላቸው ገበያ፣ መንገድ፣ ሰላም፣ እርዳታና መንግሥት አሉ። ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምደባ፣ በምሕጻሩ አይፒሲ፣ አምስት ደረጃ አለው። አምስተኛውን ረሃብ ለማለት ቢያንስ 20 በመቶ ቤተሰቦች የከፋ የምግብ እጦት፣ 30 በመቶ ሕፃናት አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሊኖርባቸው፣ በቀንም ከ10,000 ሰው ሁለት መሞት አለበት።

መስፈርቱ ጥብቅ የሆነው ቃሉ እንዳይረክስ ነው። ዋጋው ግን መዘግየት ነው። በሶማሊያ በ2011 ሐምሌ ረሃብ ሲታወጅ፣ በኋላ እንደተጠናው በአጠቃላይ ከሞቱት 260,000 ገደማ ሰዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት ቀድመው ሞተው ነበር። በ2022 በዚያው አገር ረሃብ ሳይታወጅ ቀረ፤ በዓመቱ ከተለመደው በላይ የሞቱት ግን 43,000 ተገምተዋል።

በእኛም አገር ቃሉ የፖለቲካ ክብደት አለው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ትውስታ ከጀርባው ቆሟል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የረሃብ አደጋ ማንዣበቡን ሲገልጽ የፌደራሉ መንግሥት ድርቅ መኖሩን እንጂ ረሃቡን አልተቀበለም። አንዱ ወገን ዓለም እንዲሰማ ቃሉን ያስቀድማል፤ ሌላው ቃሉ አገርን ከመለኪያው በላይ ያጎድፋል ብሎ ይሰጋል። ሁለቱንም የሚዳኘው መረጃ ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ማግስት በአሜሪካ ገንዘብ የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ፊውስ ኔት፣ በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም ድረ ገጹ ሳይቀር ተዘጋ፤ በኋላ ሥራውን በከፊል ቀጠለ። በእነዚያ ወራት ብዙ ተቋማት የሚተማመኑበት ዓይን አልነበረም።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ

በመጋቢት 2023 በቦረና ዝናብ ሲገባ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ «ድርቁ አበቃ» የሚለው ዜናም ወዲያው ተከተለ። ስብና ጡንቻው ያለቀ ከብት ግን የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ዝናብ አይችለውም፤ ድርቁን አልፎ በዝናቡ ሌሊት የሚሞት ብዙ ነው። ጎርፉ የሬሳውን ቆሻሻ ወደ ኩሬ ይወስዳል፣ የሆድ በሽታ ይከተላል። ሣር ለመብቀል ሳምንታት ይፈልጋል።

ከዚያ የእንስሳቱ ሰዓት ይጀምራል። ላሟ ሣር ጠግባ፣ ሰውነቷ ተመልሶ፣ ኮርማ ከተቀበለች በኋላም ጥጃ እስክታስገኝ ዘጠኝ ወር ነው። ፍየል አምስት ወር፣ ግመል አሥራ ሦስት። በሚያዝያ 2023 ዝናብ ያገገመች ላም ወተት የምትሰጠው በ2024 መጀመሪያ ነው፤ እርዳታው የሚቀነሰው ግን ብዙ ጊዜ ሰማዩ በጠቆረ ማግሥት ነው። መንጋው ላለቀበት ሰው ደግሞ ስሌቱ ከጊደር ይጀምራል። የቦረና ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። በ2018ቱ መልካም ዝናብ የተወለደች ጊደር ለዚያ የደረሰችው በ2022፣ አምስተኛው ወቅት በከሸፈበት ዓመት ነበር።